እስከ ታች የወረደው ፈሳሽ

ዶክተር ሠረቀብርሃን ከእንጦጦ ግርጌ ባለው ቤተ ሙከራው ውስጥ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ሞቶ ተገኘ። ጠረጴዛው ላይ ዘንበል ብሎ የቆመ መስታወት አለ፤ በዓይን የማይለይ የብር ብናኝ የሚቀላቀልበት ስስ ፈሳሽ ከላይ እስከ ታች ወርዶበት ደርቋል። ጠርዙ ላይ «5፡00» ተብሎ ተጽፏል። ሟቹ ፈሳሹን ባፈሰሰ ቁጥር ሰዓቱን መስታወቱ ላይ ይጽፍ ነበር።

ረዳቱ ማርቲ እጇ ካቴና የገባው በዚሁ ቁጥር ሰበብ ነው። የቤተ ሙከራው ኃላፊ አቶ ኃይሉ 4፡30 ላይ ወጥቶ መገናኛ ስብሰባ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲያ ከሟቹ ሌላ ሕንፃው ውስጥ የነበረችው፣ በሌላ ክፍል፣ እሷ ብቻ ናት። ፖሊስ ጣቢያው መዝገቡን ለመዝጋት ተጣድፏል። ኢንስፔክተር ዘውድነሽ ግን ጥድፊያ አይጥማትም።

«ዶክተሩ ከዚህ በፊት ባፈሰሰባቸው ሠላሳ መስታወቶች ላይ ፈሳሹ መሃል ላይ ቆሟል» አለቻት። «ይኼኛው ምን ሆኖ ነው?»

ማርቲ አፈጠጠች። «የዶክተር እጅ አይደለም!»

«ከአቶ ኃይሉ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ዶክተር ‹ይህ የመስታወት ቅብ በዝናብ ይላጣል፣ ይሠራል ብዬ አልፈርምም› አሏቸው። ለቅቡ ምረቃ ባለሥልጣን ተጠርቷል እኮ።»

በማግስቱ ከሰዓት ዘውድነሽ ማርቲን፣ አቶ ኃይሉንና ዘበኛውን ጋሽ ኃይለ መስቀልን ቤተ ሙከራው ውስጥ ሰበሰበች። ከጠዋት ጀምሮ ሳይነኩ የቆዩ ሦስት የፈሳሹ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«እንደ ዶክተሩ አፍስሱ። አቶ ኃይሉ፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

«ይሄ ምን ያስቸግራል?» ክዳኑን ከፍቶ መስታወት ላይ ደፋው። ፈሳሹ እየሮጠ ታች ደረሰ።

ጋሽ ኃይለ መስቀል ጠርሙሱን ባርኔጣው እስኪወድቅ ነቀነቀ። «ሰውዬው ሳይነቀንቅ አፍስሶ ያውቃል እንዴ! በር ድረስ ይሰማኝ ነበር።» ማርቲም ካቴናዋን እያንቃጨለች ነቀነቀች። የሁለቱም ፈሳሽ መሃል ላይ ቆመ።

«ብናኙ ሲቀላቀል ፈሳሹ ይወፍራል፣ ይዘገያል» አለች ዘውድነሽ። «ጠርሙሱ ዝም ብሎ ከቆመ ብናኙ ይዘቅጣል፣ ላይ የቀረው እንደ ውኃ ይወርዳል። ዶክተሩም ማርቲም ይህን ያውቃሉ። ደግሞስ ማርቲ ብትገድለው በራሷ ላይ የሚመሰክር ሰዓት ትጽፋለች? ገዳዩ የሚያውቀው ሪፖርት ላይ የሚያየውን ነው፤ መስታወቱንና ሰዓቱን። ከመውጣቱ በፊት ገድሎ፣ አፍስሶ፣ ራሱ ስብሰባ ላይ የሚሆንበትን ‹5፡00› ጻፈ።»

«በፈሳሽ ሰው ይከሰሳል?» አለ ኃይሉ።

«ለፖሊስ በሰጡት ቃል ጠርሙስ ነክቼ አላውቅም ብለው ፈርመዋል። የዚያን ቀኑ ጠርሙስ ላይ አሻራዎ ወጥቷል።»

ካቴናው ከማርቲ እጅ ወልቆ ኃይሉ እጅ ገባ። እሷ እስክሪብቶ አነሳች፤ ኃይሉ ባፈሰሰው መስታወት ጠርዝ ላይ መምህሯ ዶክተር እንዳስተማሯት የፈሰሰበትን ሰዓት «8፡20» ብላ ጻፈች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች።