ከቅጥሩ ውጭ

የትምወርቅ ያን ሁሉ ወራት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆማ ስታስቀድስ፣ አንድም ሰው «ምን ሆነሽ ነው?» አላላትም። ደም የሚፈሳት ሴት ወደ ውስጥ አትገባምና እስኪቆምላት ትጠብቅ ነበር። አልቆመም! ነውር መስሏት ለባሏ ለገብረዝጊ እንኳ አልተነፈሰችም። ከደብረ ብርሃን አግብቶ መቐለ ያመጣት፣ አንድ ልጃቸውን ሳምራዊትን የወለደችለት፣ ቀና ብላ ሰው የማታይ ጭምት ነበረች።

አንድ ቀን ወድቃ ሆስፒታል ገባች። ሐኪሙ የማኅፀን በር ካንሰር እንደሆነና መነሻው በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ቫይረስ እንደሆነ ነገራቸው። ማስረዳቱን ሳይጨርስ ገብረዝጊ ተነሥቶ ወጣ። ወይ ነዶ! የዕድሜ ልክ ትዳር በግማሽ ወሬ ይፈርሳል?

«ከማን እንዳመጣሽው አንቺ ታውቂያለሽ። ቤቴን እንዳትረግጪ!» አላት ከክፍሉ ደጅ ሆኖ።

«በልጄ ይዤሃለሁ ገብረዝጊ! ከአንተ ሌላ ወንድ አላውቅም። ቤትህ ይቅርብኝ... ለሳምራዊት ብቻ ‹እናትሽ ንጹሕ ናት› በልልኝ።»

አላለም። ጎረቤቷ ኣልጋነሽ ጓዳዋን ለቅቃ አስጠጋቻት፤ እዚያ ስታቃስት ከረመች።

በዚያው ዓመት የዐሥራ አራት ዓመት ልጃገረዶች በትምህርት ቤት የዚሁን ካንሰር መከላከያ ሲከተቡ ሳምራዊትም ተከተበች። ነርሷ ያስረዳችውን ይዛ እያለቀሰች አባቷ ፊት ቆመች።

«ኣቦይ፣ ቫይረሱ ብዙ ሰው ላይ አለ። ወንዶችም ሳያውቁት ተሸክመው ያስተላልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል፤ አንዳንዱ ላይ ግን ለዓመታት ተደብቆ ይኖራል። ማን ከማን እንደያዘው አይታወቅም። እማዬ ምን አጠፋች?»

ገብረዝጊ ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። የመጀመሪያ ሚስቱ ለተመድህንም ደም እየፈሰሳት ነበር የሞተችው! ዓይነ ጥላ ነው ተብላ ተቀበረች፤ እሱም በምን እንደሞተች ጠይቆ አያውቅም። ልጁን አስከትሎ ሮጠ። ኣልጋነሽን ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማ አገኛት።

«የትምዬ! ንጹሕ ነሽ... ጓለይ፣ ልጄ፣ እናትሽ ንጹሕ ናት!» እያለ አስከሬኗ ላይ ተደፋ።

«እኔማ አውቅ ነበር» አለች ሳምራዊት። «መስማት የነበረባት እሷ ናት።»

ዕድሏ ነው እንበል? ለዕድል መስጠቱማ ምን ይከብዳል! በማግስቱ ለፍትሐት ተሸክመዋት ቅጥሩን አልፈው ገቡ። ገብረዝጊን ግን እግሩ እንቢ አለው፤ እሷ ስትቆምበት ከነበረው ቦታ፣ ከግንቡ ሥር ቆሞ ቀረ።