ትራሷ ስር የነበረው ቢላ

ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ "ፈጠራ ነው" ትሉ ይሆናል። በሉ። እኔ ግን የምጽፈው ግራ እጄ ላይ ያለውን ቁስል እያየሁ ነው።

ሰዓቱን አልረሳውም። ማክሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ።

ቦታው ለንደን፣ ኪልበርን። ከዋናው መንገድ ጀርባ ያለ፣ ማዘጋጃ ቤቱ የሚያከራየው የካውንስል ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ወጥታ ሰው ሁሉ ጃኬቱን በክንዱ ይዞ ነበር የሚሄደው።

ማህደር እባላለሁ። የምሠራው ሕፃናት ለምን ያለ ጊዜያቸው እንደሚወለዱ በሚያጠና ቡድን ውስጥ ነው። ከሆስፒታል የወጡ እናቶችን ቤታቸው ሄጄ እጠይቃለሁ፣ ሕፃኑን እመዝናለሁ፣ መጠይቅ እሞላለሁ። አማርኛ ተናጋሪዎቹ የሚሰጡት ለእኔ ነው።

አይናለም ከእነሱ አንዷ ነበረች።

በሰባት ወሯ መንታ ወለደች። ወንዱ በሦስተኛው ቀን ማሞቂያ ውስጥ እንዳለ ሞተ። ሴቷ ተረፈች። ሁለት ወር ሆስፒታል ቆይታ ቤቷ ስትገባ ከተወለደች ስልሳ አራት ቀኗ ነበር።

በዚያው ቀን ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ ባሏ ዘርይሁን ነው። ፓርክ ሮያል ዳቦ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራል፤ ፈቃድ ወስዶ ቤት ተቀምጧል።

"እናቴን ልናመጣት አፕላይ አድርገን ነበር፣ ቪዛ ከለከሏት" አለኝ። "አራስ ደግሞ ብቻዋን አትተውም። ሰማንያው ቀን እስኪሞላ እኔው ነኝ።"

እውነቴን ነው፣ ገና ሳየው ጠላሁት። ሚስቱ ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በሩ ላይ ይቆማል። ጥያቄ ስጠይቃት ከበስተጀርባዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። እንዲህ ዓይነት ወንድ በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ፤ ቢያንስ ያየሁ መስሎኝ ነበር።

አይናለም ልጇን ልታጠባ ሸሚዟን ከትከሻዋ አወረደች።

ክንዷ በልዟል። ትከሻዋ ላይ ደግሞ ንክሻ አለ።

ትንሽ ንክሻ... የአዋቂ አፍ የማይመስል።

ዘርይሁን ውሃ ሊያመጣልኝ ዞር ሲል ጠጋ አልኳት።

"ማነው እንዲህ ያደረገሽ?"

"ዘርይሁን አይደለም።"

"ታዲያ ማነው?"

በሩን አየች። ከዚያ አልጋውን። ከዚያ እኔን።

"ዘርይሁን እንቅልፍ ሲጥለው ነው... ሰው አጠገቤ ነቅቶ ካለ አይነካኝም።"

"ማን?"

ዘርይሁን ውሃውን ይዞ ገባ።

ትራሷን ላስተካክልላት ከፍ ሳደርገው ቢላ አየሁ። ጥቁር እጀታ ያለው፣ የሽንኩርት ቢላ።

ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። አገር ቤት ላደገ ሰው ይህ አይጠፋውም። አራስ ትራስ ስር ስለት ይደረጋል፣ ክፉ ነገር እንዳይቀርባት። እናቴ ታናሽ ወንድሜን ስትወልድ መቀስ አድርጋ ነበር። እኔ ግን ጌታን ከተቀበልኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳይ የማፍረው እኔ ነኝ። ትራሱን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሕፃኗን መዘንኳት። 2,140 ግራም። ጥሩ ነው።

አነሳኋት።

ሚዛኑ ወደ ዜሮ አልተመለሰም... 870 ይላል።

ባዶ ነው። ምንም የለበትም። አጥፍቼ አበራሁት። 870.

"ባትሪው ነው" አልኩ።

አይናለም ቁጥሩን አየችና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የለውም ልቅሶዋ፤ እንባዋ ብቻ ነው የሚወርደው።

ቢሯችን ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ነው። አለቃዬ ቤንጃሚን ስለ ብልዙ፣ ስለ ንክሻውና ስለ ቢላው የጻፍኩትን አነበበ። ቀና ብሎ አየኝ።

"ማህደር፣ ቢላው እዚያ ምን ይሠራል? የእናንተ ባህል ነው ወይስ ሌላ ነገር?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

ግን አፈርኩ። ኋላ ቀር ነገራችንን በእንግሊዝኛ ማስረዳት አሳፈረኝ። ባልየውንም ጠልቼዋለሁ...

"አላውቅም" አልኩት።

የጻፍኩትን ለፖሊስ ላከው፤ ከሦስት ቀን በኋላ እነ አይናለም ቤት ሄዱ። ዘርይሁንን ያዙት። ሲለቁት ደግሞ ቤቱ አካባቢ እንዳይደርስ፣ በየሁለት ቀኑ እየመጣ እንዲፈርም አዘዙት። ለአይናለም ደኅንነት ሲባል ስለት የተባለውን ሁሉ ከቤቱ ወሰዱ። ከትራሷ ስር፣ ከወጥ ቤት፣ የልብስ መቀሷን ሳይቀር።

እሷ ብቻዋን ቀረች። እኔ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሴት አዳንኩ ብዬ በደንብ ተኛሁ።

በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ ለሁለተኛው ጉብኝት ፋይሏን ከፈትኩ። ሁለተኛውን ገጽ ከዚያ በፊት አላነበብኩትም ነበር።

ሁለተኛ መንታ። ወንድ። በሦስተኛ ቀን የሞተ። የልደት ክብደት፣ 870 ግራም።

ባዶው ሚዛን ላይ ያየሁት ቁጥር።

በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጮኸ። ካርዴን ሰጥቻቸው ነበር።

"ማህደር ነሽ? ዘርይሁን ነኝ። አትዝጊብኝ።"

"እኔ ጋ መደወል አይፈቀድልህም።"

"ፖሊስ ጣቢያ ልፈርም ወረፋ ላይ ነኝ። ቤት ከሄድኩ ያስሩኛል። ፖሊሶቹን ቼክ አድርጉልኝ ብላቸው ጠብቅ አሉኝ። ስልክ አታነሳም። ስድስት ቀኗ ነው ብቻዋን..."

"እየሄድኩ ነው" አልኩት።

"እህቴ..." አለኝ። ድምፁ ተሰበረ። "አንቺ የአገሬ ልጅ ነሽ። ቢላው ለምን እንደነበር ታውቂ ነበር፣ አይደል?"

ስልኩን ዘግቼ ሮጥኩ።

ስምንት ከሃያ ላይ ደረስኩ። በሩ ገርበብ ብሏል።

ኮሪደሩ ላይ ደም አለ። የተጎተተ ደም። አጠገቡ የተነጨ ፀጉር፣ ከነሥሩ።

"አይናለም?"

መኝታ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሕፃኗ አልጋዋ ውስጥ ተኝታለች። ደህና ናት። ሆዷ ከፍ ዝቅ ይላል።

ከሽንት ቤት ግን ድምፅ ይሰማል። እኔ ይህን ድምፅ በየቀኑ ነው የምሰማው፤ ሥራዬ ነው።

የሚጠባ ሕፃን ድምፅ።

በሩን ገፋሁት።

አይናለም ወለሉ ላይ ናት። ደረቷ ተዘንጥሏል። ፊቷ በደም ተሸፍኖ ዓይኖቿ ብቻ ይታያሉ። ፀጉሯ ወደ ላይ ተወጥሯል... የሚጎትተው ግን የለም።

ጭንቅላቷ ብድግ አለና የመታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተፈጠፈጠ።

አንዴ። ሁለቴ።

እየጮህኩ እግሮቿን ያዝኩ። ወደ እኔ ስጎትታት በሌላ በኩል ጎተታት። ሸሚዟ እጄ ላይ ተቀደደ። ግራ እጄን አንድ ነገር ነከሰኝ፣ እስከ አጥንቴ። ትንሽ አፍ ነው። ሙቅ ነው። የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፋኝ።

ግን አለቀቅኳትም። ሳልለቃት ስቀር... መጎተቱ ላላ።

አይናለም ዓይኗን ከፈተች።

"አትሂጂ" አለችኝ። "ብቻዬን አትተዪኝ።"

"ቢላ ላምጣ። አንድ ጊዜ ብቻ። መጣሁ!"

"አትሂጂ..."

ሮጥኩ። መሳቢያውን መዥርጬ ከፈትኩት። ማንኪያ። ማንኪያ። የቡና ማንኪያ። ሌላውን ከፈትኩ፤ ፎጣ ነው። ያኔ ትዝ አለኝ። ስለት የለም። ፖሊስ ወስዶታል፣ እኔ በጻፍኩት ወረቀት።

በባዶ እጄ ተመለስኩ።

የሽንት ቤቱ በር ተዘግቷል። በትከሻዬ መታሁት፣ በእግሬ መታሁት። ከውስጥ ሥጋ ከሸክላ ጋር ሲጋጭ ይሰማኛል። ስሜን ጠራችኝ። እንደገና ጠራችኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ አልጠራችኝም።

በሩ በራሱ ተከፈተ።

አይናለም አምቡላንስ ውስጥ ሆስፒታል ሳትደርስ ሞተች። ዘርይሁን በዚያ ሰዓት ፖሊስ ጣቢያ ወረፋ ላይ እንደነበር ካሜራ አይቶታል፤ ስለዚህ ለቀቁት። ሴት ልጁን ግን ፍርድ ቤት እስኪያይ አልሰጡትም።

እኔ በዚህኛው ጊዜ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ ቢላው፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ንክሻው። መርማሪዋ በትዕግሥት ሰማችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ የአእምሮ ሐኪም ስልክ ቁጥር ጻፈችልኝ።

ዛሬ ሕፃኗ ሰማንያ ቀኗ ነው።

ያለችው አሳዳጊ ቤት፣ ሞሪን የምትባል ደግ አሮጊት ዘንድ ነው። ከሥራ እረፍት ውሰጂ ብለውኛል፤ ሞሪን ግን ይህን አታውቅም። ሚዛኔን ይዤ ከሰዓት በኋላ ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ በሻርፕ የተጠቀለለ ቢላ አለ። ቢያገኙብኝ ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ምንም ቢሉ ሁለተኛ ሴት በእኔ አትሞትም።

ሞሪን በሩን ስትከፍት የእጇ አንጓ ላይ ፋሻ አየሁ።

"ምን ሆነሽ ነው?"

ሳቀች።

"ይቺ ልጅ ገና ጥርስ ሳታወጣ ትነክሳለች።"

መዘንኳት። 2,560.

አነሳኋት። ዓይኔን ጨፍኜ ቆየሁ። ስከፍተው ቁጥሩ እዚያው ነበር።

1,740.

እሱም እያደገ ነው።

"ሞሪን፣ አብሮሽ የሚያድር ሰው አለ?"

"ብቻዬን ነኝ፣ የኔ ቆንጆ። ሻይ ላፍላልሽ?" ብላ ወደ ወጥ ቤት ሄደች።

ስትመለስ ሁሉንም ልነግራት ወስኛለሁ። ታባርረኝ፣ ፖሊስ ትጥራ፣ ግድ የለኝም። መጀመሪያ ግን ቢላውን ልደብቅ።

ሕፃኗን አልጋዋ ውስጥ አስተኛኋት። ሁለት እጆቿን ከራሷ በላይ ዘርግታ እንቅልፍ ወሰዳት። ከአልጋው መሐል አትተኛም፤ ጥግ ይዛ፣ ቦታ ትታ ነው የምትተኛው።

ቢላውን ከሻርፑ አወጣሁት። በፍራሹ ስር፣ ባዶው ቦታ ባለበት በኩል፣ ቀስ ብዬ አስገባሁት። እጄን አወጣሁ።

ወጥ ቤት ውስጥ ውሃው መፍላት ጀምሯል።

ፍራሹ ትንሽ ከፍ አለ።

ቢላው ወጣ... ቀስ ብሎ... ለሰው ቢላ ሲያቀብሉ እንደሚደረገው፣ እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ።