ቅቤ የሸፈነው ውሃ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም።

ቀኑ መስከረም 17፣ መስቀል ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ቦታው ወልቂጤ፣ የአጎቴ የጋሽ ሽፈራው ሳሎን። ውስጥ የነበርነው እኔ፣ ጋሽ ሽፈራውና ሚስቱ እትዬ ሙሉ ነን። ሌላው ዘመድ ግቢ ውስጥ ድንኳን ሥር ክትፎ ይበላል።

አንዲት የባህር ኮከብም ነበረች... በጨው ውሃ አኳሪየም ውስጥ።

ኮከቢቱ የወንድሜ የባዩ ናት። ባዩ የጋሽ ሽፈራውን ከባድ መኪና ይዞ ጅቡቲ ይመላለስ ነበር። ያመጣት ከዚያ ነው። አያያዟንም እሱ አስተማረኝ። ጨዉ ሲበዛም ሲያንስም ትታመማለች። ከውሃ መውጣት የለባትም። የተረፋት ምግብ ቶሎ ይነሳል። ከሁሉ በላይ ግን የውሃው ፊት ንጹሕ መሆን አለበት።

"እሱ ከተዘጋ ትታፈናለች" ይለኝ ነበር።

ጥር ላይ መኪናው ገደል ገባ። ባዩ ሞተ።

በሄደበት ቀን ጠዋት፣ "ፍሬኑ አይዝም፤ ለጋሼ ነግሬዋለሁ" ብሎኝ ነበር። ጋሽ ሽፈራው ግን ለቅሶው መሀል ቆሞ፣ "ምንም አልነገረኝም። ሲያበር ነው የሞተው፤ ጥፋቱ የራሱ ነው" አለ።

እናቴ አንገቷን ደፋች። እኔ ዓይናፋር ነኝ... ዝም አልኩ።

ከአርባው በኋላ ጋሽ ሽፈራው አኳሪየሙንም ወሰደው።

የመስቀል ዕለት ታዲያ ክትፎ በቆጮ ጠቅልሎ ተነሳ።

"በመስቀል እኔ ቤት ጦሙን የሚውል የለም! እሷም ትጉረስ።"

"ኧረ ሽፌ፣ እሷ ዓሣ አይደል የምትበላው?" አለች እትዬ ሙሉ እየሳቀች።

"ጉራጌ ቤት ገብታ? አንተ ዲዳ፣ ምን ትላለህ?"

ቅቤው እንደሚገድላት አውቅ ነበር።

"እርስዎ ያውቃሉ፣ ጋሼ" አልኩ።

በእጁ ትሙትና ይፈር ብዬ ነው።

ጉርሻውን ጣለው። ቅቤው ተንሳፈፈ... ቀስ እያለ ውሃውን ሸፈነው። እትዬ ሙሉ ቆጮ ልትጨምር ወጣች።

ኮከቢቱ መስታወቱን ይዛ ወደ ላይ መውጣት ጀመረች። አምስቱም እጆቿ ይንቀጠቀጣሉ።

ጋሽ ሽፈራው የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

"መስኮት ክፈት።"

ክፍት ነበር።

"ክፈት... እልሃለሁ..."

ከንፈሩ ጠቆረ። አነቀው እንዳልል አፉ ውስጥ ምንም የለም። ምን እንዳሰብኩ አላውቅም... ሶፍት አንስቼ ውሃው ላይ ዘረጋሁ። ሶፍቱ ቅቤውን ሲመጥ ከኋላዬ ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

ተውኩት። ቅቤው ተመልሶ ገጠመ።

ትንፋሹም ቆመ።

እንደገና ዘረጋሁ... ተነፈሰ።

ያን ጊዜ ገባኝ።

"ባዩ ነግሮሃል?" አልኩት። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ አልኩት።

"ምኑን..."

እጄን ሰበሰብኩ።

"ነግሮኛል!... ፍሬኑ አይዝም ብሎኛል... ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ... አንሳልኝ፣ የወንድሜ ልጅ..."

ትንሽ አነሳሁለት።

"አሁን እናቴን ከድንኳኑ ልጥራት። በሰው ሁሉ ፊት ትነግራታለህ።"

በመስኮቱ ወደ ድንኳኑ ተመለከተ። ዘመዱ ሁሉ እየሳቀ ይበላል።

"እሱስ... አይሆንም" አለ በሹክሹክታ። "ስሜ..."

ሶፍቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

እትዬ ሙሉ ቆጮውን ይዛ ስትገባ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ስትጮኽ ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሮጠ። እኔ ያን ጊዜ የኮከቢቱን ቅቤ አነሳሁላት። የእሱ ትንፋሽ ግን አልተመለሰም።

ጋሽ ሽፈራው በማግስቱ ተቀበረ።

አኳሪየሙ አሁን እኛ ቤት ነው። ኮከቢቱ ደህና ናት። በየጠዋቱ ግን መስታወቱን በውስጥ በኩል፣ ከውሃው በታች... ሰው ተጠግቶ እንደተነፈሰበት ጭጋግ ይዞት አገኘዋለሁ። እስከ ትናንት አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነበር፤ የጋሽ ሽፈራው ነው ብዬ ነበር።

ዛሬ ሁለት ቦታ ላይ ነው።