የሮማዊው ነጭ ልብስ

የታሪክ መምህሩ ከአዳራሹ መድረክ ጀርባ፣ በጠባቡ የእንጨት ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ነበር። የጥንት ሮማውያን ሹማምንት ይለብሱት የነበረው ዓይነት ረጅም ነጭ ልብስ በሰውነቱ ላይ ተጠምጥሟል። ዓይኖቹ እንደተገለጡ ቀርተዋል። ከመጋረጃው ማዶ ለወላጆች በዓል የተደረደሩት ወንበሮች ባዶአቸውን ይጠብቃሉ።

መርማሪዋ ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፣ አንድ ነገር ከያዘች ወዲያ ማዶ ሳትወጣ ስለማትመለስ ነው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ከኋላዋ ቆመው። «ላይ ካለው የልብስ ክፍል ሲወርድ ይሄ አንሶላ ጠለፈው። ባለፈው ሳምንት ልምምዱን ከፊት ወንበር ተቀምጬ አይቻለሁ፤ ያኔም መሬት ለመሬት ይጎተት ነበር። ለልጆች ስለ ሮም ለማስተማር ሮማዊ መሆን አያስፈልግም ብዬ ነግሬው ነበር።»

«ማን አገኘው?»

«የጽዳት ሠራተኛዋ። ስትጮህ ሁላችንም ሮጠን መጣን።»

መርፌ ልብሱን በጣቷ ጫፍ ገለጥ አደረገች። የመምህሩ ሸሚዝ ከአንገቱ እስከ ትከሻው ከራሱ ቁስል በፈሰሰ ደም ርሷል። ነጩን ልብስ ግን ደሙ የነካው ከውስጥ በኩል ብቻ ነው፤ ውጭው እንደታጠበ ነው። ልብሱ ከቀኝ ትከሻው ላይ ተነሥቶ በደረቱ ዞሯል። ብድግ አለች።

«ማንም ከግቢ እንዳይወጣ» አለችው አብሯት ለመጣው ረጅም ፖሊስ።

መጀመሪያ የሥዕል መምህርቷ ክፍል ገባች። ሴትዮዋ ስታለቅስ ቆይታ ዓይኗ አብጧል። ግድግዳው ጥግ፣ በካርቶን ላይ የተሳሉ የእብነ በረድ ዓምዶች ፊታቸውን አዙረው ተደግፈዋል።

«ትናንት ከሟች ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«ተጣልተናል፣ አልዋሽም። ለሮም ሸንጎ ብዬ ስንት ለፍቼ የሳልኳቸውን ዓምዶች አንሻቸው አለኝ። ‹ሮም ቀርቷል፣ የምናሳየው የአቴናን ችሎት ነው› አለኝ። ለምን ስለው ሮም ውስጥ የሚናገሩት ሹማምንት ናቸው፣ አቴና ውስጥ ግን ተራ ሰው ተነሥቶ ትልቁን ሰው መክሰስ ይችላል አለኝ። እኔ ስለ ትምህርቱ የሚያወራ መስሎኝ ነበር።»

«ነጩስ ልብስ?»

«አጥፌ ላይኛው ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። የሰፋሁት እኔ ነኝ። በግራ ትከሻ ላይ ይያዛል፣ ቀኝ እጅ ነጻ ይሆናል። ልጆቹ ሲሳሳቱ አስወልቆ እንደገና ያስለብሳቸው ነበር፤ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም።»

«መቀየሩን ማን ያውቃል?»

«ልጆቹ፣ እኔና ወንድሙ። ሌላ ለማን ይነግራል?»

ወንድሙ በዚያው ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል። ባዶ ክፍል ውስጥ፣ የተማሪ ወንበር ላይ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጦ አገኘችው።

«ጠዋት ስትጯጯሁ የሰማ ሰው አለ» አለችው።

«የቤተሰብ ነገር ነው።»

«ወንድምዎ እኮ ሞቷል።»

«አውቃለሁ።» ድምፁ ተሰበረ። «ታላቄ ነው። አባታችን ሲሞት ያሳደገኝ እሱ ነው። ልጆች አሉህ፣ እባክህ ይሄን ነገር ተወው አልኩት። ሳቀብኝ። ከዚህ በላይ አልናገርም።»

«ማንን ፈርተው ነው?»

ዓይኑ በመስኮቱ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ለብቻዋ የተቀመጠች ልጅ ላይ አረፈ።

መርፌ ሄዳ ከልጅቷ በስተግራ ተቀመጠች። ስሟን ጠየቀቻት፤ ዝም። ደግማ ጠየቀቻት፤ አሁንም ዝም። ከዚያ ልጅቷ ድንገት ዞር ብላ አየቻትና ደነገጠች።

«ይቅርታ፣ በዚህ በኩል ይምጡልኝ» አለች ወደ ቀኟ እያመለከተች። «በግራው አልሰማም።»

«ከተወለድሽ ጀምሮ ነው?»

ልጅቷ ቀሚሷን ጨምድዳ ያዘች።

«እሺ፣ ይቆየን። ዛሬ መድረክ ላይ ምን ልትሆኚ ነበር?»

«ከሳሽ። አቴና ውስጥ ሴት መክሰስ አትችልም ነበር። ቲቸር ግን ‹እነሱ እዚህ ላይ ተሳስተዋል፣ እኛ እናርመዋለን› አሉኝ።»

«እሳቸውስ ምን ሊለብሱ ነበር?»

«ምንም። አቴናውያን ተናጋሪው ሰዓቱን እንዳያሳልፍ እንደ ሰዓት ከእንስራ ውኃ ያንቆረቁሩ ነበር አይደል? ቲቸር ውኃ ጠባቂ ነበሩ። ‹እኔ በሸሚዜ ነኝ፣ ዛሬ የሚታየው ሌላ ሰው ነው› አሉ።»

«ማንን ነበር የምትከሺው?»

ልጅቷ አፏን ከፈተች። በዚያው ቅጽበት ከኋላቸው በኮሪደሩ ሲሚንቶ ላይ የከባድ ጫማ ኮቴ ተሰማ። የልጅቷ ትከሻ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ ፊቷ አመድ መሰለ። መርፌ ማን እያለፈ እንደሆነ ለማወቅ መዞር አላስፈለጋትም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ተማሪዎቹ ከኋላ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መርፌ ነጩን ልብስ ክንዷ ላይ አድርጋ መድረኩ ፊት ቆመች።

«ምክትል ርዕሰ መምህር፣ እርስዎ ልምምዱን ስላዩ ይርዱኝ። ልብሱ እንዴት እንደጠለፈው ማወቅ እፈልጋለሁ። ለዚህ ሰው ያልብሱልኝ።»

«በደስታ» አሉ። ረጅሙ ፖሊስ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። ምክትሉ እንደ ካፖርት ከኋላው አንሥተው ጫፉን በቀኝ ትከሻው ላይ ጣሉ፣ በደረቱ አዞሩና ትርፉን ወደ እግሩ ለቀቁት። «ይኸው፣ እዚህ ጋ ነው የሚረግጠው።»

«በግራ ነው» አለ ከኋላ አንድ ተማሪ፣ ቀስ ብሎ። ሌሎቹ ዞር ብለው አዩት፤ ከዚያ ሁሉም ምክትሉን አዩ።

«ልክ ነው፣ በግራ ነው» አለች መርፌ። «ሟቹ ላይ ግን በቀኝ ነበር። ተማሪን አስወልቆ የሚያስለብስ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ደሙን ስናይ ደግሞ፣ ሸሚዙ ርሶ ሳለ የልብሱ ውጭ ንጹሕ ነው። ለብሶት ወድቆ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚበከለው ውጩ ነበር። ስለዚህ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው አልብሶታል፤ ጠልፎት ወደቀ እንድንል።»

«ማንም ሊያለብሰው ይችላል» አሉ ምክትሉ።

«ማንም አይችልም። የሥዕል መምህርቷ በእጇ ሰፍታዋለች፤ ዓይኗን ጨፍናም አትስተውም። ደግሞም እሷ፣ ወንድሙና ተማሪዎቹ ሮም መቅረቱን ያውቃሉ። መምህሩ ዛሬ በሸሚዙ እንደሚውል እያወቀ ማን የሮም ልብስ ያለብሰዋል? ያለበሰው ሰው በዓሉ አሁንም ስለ ሮም የሆነ የመሰለው ነው። ልብሱንም ያየው ከፊት ወንበር ነው፤ ፊት ለፊት ለሚቀመጥ ሰው የለባሹ ግራ በቀኙ በኩል ስለሚታይ ‹በቀኝ ነው› ብሎ ይይዘዋል። እንዲህ ያለ ሰው እዚህ አንድ ብቻ ነው።»

ምክትሉ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «በጨርቅ ምክንያት ሰው ይገደላል?»

«በጨርቅ አይደለም» አለ የሒሳብ መምህሩ ከመቀመጫው ተነሥቶ። «ወንድሜ ጠዋት ነግሮኛል። ‹ከጀርባ አልወጋውም፣ ወላጅ ሳይመጣ ላይኛው ክፍል ጠርቼ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ› አለኝ። ልጅቷ ዛሬ መድረክ ላይ ልትናገር እንደሆነ ለምክትሉ ሊነግራቸው ነበር። ተው ብዬዋለሁ። እኔ ፈርቼ ነበር።»

ልጅቷ ተነሣች። ምክትሉን አላየቻቸውም።

«ቢሮ ጠርተው በጥፊ የመቱኝ እሳቸው ናቸው» አለች። «ከዚያ ወዲህ በግራ ጆሮዬ አልሰማም። ለእናቴ ከደረጃ ወደቀች ብለው ነገሯት። ቲቸር በበሩ ሲያልፉ አይተዋል።»

ምክትሉ የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች አንድ በአንድ የሚቆጥሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ቁጭ አሉ።

«ልገድለው አልነበረም» አሉ ወደ መሬት እያዩ። «አንድ ሳምንት ስጠኝ፣ ራሴ ለእናቷ እነግራቸዋለሁ አልኩት። እንቢ አለ። ክንዴን ያዘኝ፣ ገፈተርኩት። ወርጄ ሳየው አይተነፍስም።»

«ከዚያስ?»

«ተመልሼ ወጥቼ ልብሱን አመጣሁ።»

ረጅሙ ፖሊስ ክንዳቸውን ይዞ አስነሣቸው። ተማሪዎቹ መንገድ ለቀቁ፤ የተሳደበ የለም።

አዳራሹ ባዶ ሲሆን ልጅቷ ከመርፌ ፊት መጥታ ቆመች።

«እኔ እናገራለሁ ባልል ኖሮ ቲቸር በሕይወት ይኖሩ ነበር?»

መርፌ ለመዋሸት አሰበች። አልሆነላትም።

«ይኖሩ ይሆናል» አለቻት። «የገፈተራቸውን ሰው ግን አሁን እዚሁ አይተሽዋል። አንቺ አይደለሽም።»

ልጅቷ በቆመችበት ማልቀስ ጀመረች። የሒሳብ መምህሩ ቀረብ ብሎ፣ በምትሰማበት በኩል ዞሮ ቆመ።

«ነገ ጣቢያ ቃልሽን ስትሰጪ አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት። «ከእናትሽም ጋር እኔው እነጋገራለሁ። አሁን ነይ፣ ቤት ላድርስሽ።»