ቀዩን የበላው መስታወት

ተመስገን ኦማን፣ መስቀጥ ከተማ በገባበት ዓመት ሐምሌ ከብዶ ነበር። ሥራ አልነበረውም። አል ኹዌር ሰፈር ውስጥ በአንዲት ክፍል ከሌሎች ወንዶች ጋር ወለል ላይ ይተኛ ነበር። የማቀዝቀዣው ነፋስ የሚደርሰው አንድ አልጋ ላይ ብቻ ነው። የአልጋው ባለቤት ሳዳም የሚባል የሕንፃ ጠባቂ ነበር። ተመስገን በሙቀት ታሞ ሲቃዥ፣ ሳዳም አልጋውን ለቀቀለትና እስኪድን ድረስ እሱ ወለሉ ላይ ከረመ። ተመስገን ዳነ፤ የኢንሹራንስ መርማሪ ሆኖ ተቀጠረ፤ አዛይባ ሰፈር ቤት ተከራየ። ሳዳምን ግን ተመልሶ አልጠየቀውም። በየዓመቱ ለዒድ እሄዳለሁ ይላል፤ ዒዱም ያልፋል።

አሁንም ሐምሌ ነው። መሥሪያ ቤቱ የላከው ገና ሰው ያልገባበት ረጅም ነጭ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ነው። ዓባይ የሚባል ወጣት መሐንዲስ፣ ቀይ ሸሚዝ እንደለበሰ፣ በተቆለፈ የብረት በር ሥር ተኮራምቶ ሞቶ ተገኝቷል። ዓርብ ቀትር ላይ ተቆልፎበት ፀሐይ ገደለችው። የቆለፈው ጠባቂ ታስሯል።

የጠባቂውን ስም ሲነግሩት ተመስገን መኪናውን ወደ ፖሊስ ጣቢያው አዞረ። ሳዳም ነበር።

«ተሜ፣ መጣህ?» አለ ሳዳም፣ ከጣቢያው ወንበር ሳይነሳ።

«ቢሮ ልኮኝ ነው።» ሊለው ያሰበው ይህን አልነበረም።

«ማዓሌሽ፣ ግድ የለም። ጠይቅ።»

«ወጥተህ ሳታይ ነው የቆለፍከው?»

«ሊፍቱ ገና ሥራ አልጀመረም፤ ደረጃው እሳት ነው፤ የጣሪያው በር ደግሞ ከታች፣ ከጥበቃ ክፍሉ በኤሌክትሪክ ይቆለፋል። ለጁምዓ ቸኮልኩና ፎቶ አንሺዎቹን ለሚያስተምረው ለካሳሁን ደወልኩ። ‹ሁሉም ወርዷል፤ ኻላስ፣ አለቀ፣ ቆልፍ› አለኝ። ከሶላት በኋላ ተረኛው ሌላ ነው።» እጆቹን አየ። «መውጣት ነበረብኝ፤ ወላሂ።»

ኤፍራታ ቦሻር የምትኖር ነርስ ናት። እሷና ዓባይ ከካሳሁን ዘንድ የሕንፃ ፎቶ ማንሳት ይማሩ ነበር፤ ያን ዓርብም ሁለቱ ጣሪያው ላይ፣ ካሳሁን ለብቻው ከማዶ ሆነው ያነሱ ነበር። ሥራዋን አሳየችው፤ ሰማዩ ከሰል መስሏል፣ ግድግዳው በምላጭ የተቆረጠ ወረቀት።

«በዚህ ሐሩር፣ በቀትር ምን አስወጣችሁ?»

«ጥላው የሚጠነክረው ያን ጊዜ ነው፣ ጋሽ ተመስገን። ካሳሁን ‹ግራጫ ለፈሪ ነው› ይለናል።»

ተመስገን አንዱ ምስል ላይ ቆየ። የኦማን ባንዲራ ነበር። «ቀዩ የት ሄደ?»

«ይኼ በላው» አለች፣ ከሌንሱ ላይ ቀይ መስታወት እየፈታች። «ሰማያዊውን ያጠቁራል፣ ቀዩን ያነጣል። በካሜራው ስናይም ጥቁርና ነጭ ብቻ ነው የሚታየን፤ ቀለም እንዳያታልለን።» ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «የዓባይ ቦርሳ እኔ መኪና ውስጥ ነበር፤ ውሃውም፣ ስልኩም። እሱን ካሳሁን ቤቱ ያደርሰዋል ብዬ ወደ ሥራ ተራዬ ሄድኩ።»

ካሳሁን የሒሳብ ባለሙያ ነው። የቀረበለትን ሻይ ሳይጠጣ ብርጭቆውን ያዞር ነበር።

«ከየት ሆነህ ታነሳ ነበር?»

«ከማዶው የመኪና ማቆሚያ ፎቅ። ሕንፃው ትልቅነቱ እንዲታይ ሰው ያስፈልገኝ ነበር፤ ጠርዙ ላይ እንዲቆም ለዓባይ ቀድሜ ጽፌለታለሁ። አነሳሁት፣ ወረደ። በነጭ ሸሚዙ ወደ ታክሲ ሲሻገር አይቼዋለሁ። ተመልሶ ከወጣ እኔ ምን ላድርግ፣ ጋሼ?»

«በቅርብ አየኸው?»

«ከዚህ እስከዚያ በር።»

«ጥሩ» አለ ተመስገን።

በማግስቱ ሁሉንም ጣሪያው በር ላይ ሰበሰባቸው። ሳዳምን ያመጣው የፖሊስ መኮንን ላቡን እየጠረገ ቆመ።

«ካሳሁን፣ ዓባይ ምን ለብሶ ነበር?»

«ነገርኩዎት። ነጭ ሸሚዝ።»

መኮንኑ ከከረጢት የሟቹን ሸሚዝ አወጣ። ቀይ ነው። ኤፍራታ አፏን በእጇ ያዘች።

«ይህ ሸሚዝ ነጭ የሚሆነው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ በቀዩ መስታወት ውስጥ» አለ ተመስገን። «በዓይንህ ብታየው ቀይ ትል ነበር። እንግዲህ ሲወርድ አላየኸውም። ያየኸው በካሜራህ ነው፣ እዚያ ጠርዝ ላይ። ሳዳም ሲደውል ዓባይ ላይ እንደነበረ ታውቃለህ።»

«ለምን ብዬ እዋሻለሁ?»

«እሱን ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው ነበር። ሳዳም ሊያጣራ ቢወጣ ምስልህ ውስጥ ይገባል። አንተ የፈለግከው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጥላው ቦታው እስኪደርስ ማንም እንዳይመጣ ነው ያስቆለፍከው።»

ካሳሁን ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

«አንስቼ እንደጨረስኩ እንዲከፍትለት ለጠባቂው ልደውል ነበር» አለ። «ምስሉን ሳየው... እንደዚያ ያለ አንስቼ አላውቅም። ቤት ሮጬ ላስተካክለው ተቀመጥኩ። እጁን ያወዛውዝ ነበር፤ ሰላም የሚለኝ መስሎኝ። ሲመሽ አጎላሁት። አፉ ክፍት ነው።»

«ያን ጊዜ ለማን ደወልክ?» አለች ኤፍራታ።

«ፈራሁ።»

«ግራጫ ለፈሪ ነው ስትለን አልነበር?»

ተመስገን የካሳሁንን ቃል ለመኮንኑ በዐረብኛ ተረጎመለት።

ሳዳም በተፈለገ ጊዜ እንዲቀርብ ተመስገን ዋስ ሆኖ ፈረመና አዛይባ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። በመኪናው ውስጥ ሳዳም ወደ ተመስገን ዞረ።

«በሩን የቆለፍኩት ግን እኔ ነኝ፣ ተሜ።»

«አዎ» አለ ተመስገን። «እኔም ሳልጠይቅህ ኖሬአለሁ።»

ቤት ሲገቡ ቀትር ነበር። ተመስገን ማቀዝቀዣውን ከፍቶ ነፋሱን ወደ አልጋው አዞረ፤ ለራሱ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘረጋ። ሳዳም አልጋውንም ምንጣፉንም አየ። ከዚያ ጫማውን አውልቆ፣ አልጋው ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ተኛ።