ቀናተኛው ሌዘር

በሻላ ሐይቅ ላይ በምትንሳፈፈው ከተማ ጭፈራ የሚደራው በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከተማዋ ከፀሐይ የምታገኘው ኃይል ይተርፋል፣ አዳራሹ ይጨልማል፣ ብርሃን ነጂዎችም ልበ-ቀለማቸውን ግንባራቸው ላይ ያስራሉ። ልበ-ቀለም የነጂውን ስሜት ለቅሞ ለመብራቱ የሚያደርስ ቀጭን ጥብጣብ ነው።

ዘርፌ አሥራ አንድ ዓመት የዲጄ ኩምሳን ሌዘር ነድታለች። ዘንድሮ ግን ምንታምር የምትባል ልጅ ግድግዳ ሙሉ የኤልኢዲ መብራት ይዛ መጣችባት። የከተማዋ ደንብ ለአንድ ዲጄ አንድ ዓይነት ብርሃን ብቻ ስለሚፈቅድ፣ ኩምሳ ዛሬ ሁለቱን አስተያይቶ አንዷን ይመርጣል፣ ሌላዋን ያሰናብታል።

መጀመሪያ ምንታምር ነዳች። ግድግዳው እንደ መስከረም መስክ ፈካ፤ ዘጠኝ መቶ ሰው አብሮ ተወዛወዘ። ኩምሳ ከማጫወቻው ቀና ብሎ ልጅቷን በፈገግታ አያት። ዘርፌን በአሥራ አንድ ዓመት እንዲያ አይቷት አያውቅም።

ተራዋ ሲደርስ የተለማመደችውን የአረንጓዴ ጨረር ጥልፍ ዘረጋች። ወዲያው ጥልፉ ተበተነና ጨረሮቹ ሁሉ ተሰብስበው ምንታምር ደረት ላይ አረፉ። ልጅቷ ወደ ግራ ሸሸች፤ ተከተሏት። ምሰሶ ጀርባ ገባች፤ ምሰሶውን ከበቡት።

«ዘርፌ፣ ምን ሆነሻል?» አለ ኩምሳ በማዳመጫዋ።

«ተበላሽቷል! እኔ አይደለሁም!»

መሣሪያው ግን ደህና ነበር። ማን በማን እንደቀና ለሁሉም ቁልጭ ብሎ ታየ። ዘርፌ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ከዚያ አንዱ አጨበጨበ፣ ሌላዋ አለቀሰች፣ ሁሉም የየራሱን ባላንጣ እያሰበ እንደ እብድ ይጨፍር ጀመር።

«ኤልኢዲው ሁሉን እኩል ያበራል፣ ያምራል» አላት ኩምሳ ዘርፌን ሲጨርሱ። «ያንቺ ግን አጥንት ይነካል። ከእኔ ጋር የምትቀሪው አንቺ ነሽ።»

ምንታምር ግድግዳዋን ጠቅልላ በጀልባ ሄደች። ዘርፌ ደስ አላት፤ ምን ይዋሻል፣ ቤቷ ገብታ ብቻዋን እስክስታ መታች።

በማግሥቱ ቀትር ሌዘሩ በድን ሆነ። ጨረሮቹ ጣሪያው ላይ ሥራ ፈትተው ተጋደሙ፤ ሰው አዛጋ። በሁለተኛውም ቀን እንዲያው። በሦስተኛው ዘርፌ ወደ ምንታምር ደወለች።

«ተመለሺ። ደሞዜን እኩል እንካፈላለን።»

«ኤልኢዲ ተፈቀደ እንዴ?»

«አልተፈቀደም። ከኩምሳ ጎን ቁሚልኝ ብቻ።»

«ይቅርታ ልትጠይቂኝ መስሎኝ ነበር እኮ!»

«አይ» አለች ዘርፌ። «ልቀናብሽ ነው።»

የድሮ ሰው «ምቀኛ አታሳጣኝ» ብሎ ይጸልይ ነበር። እሱ ራሱ የሚቀናበት ሰው ያጣ ምን ብሎ እንደሚጸልይ ግን ለዘርፌ የነገራት አልነበረም።