የጳጳሱ መንበር ሞቆ ነበር

ጨለማ ውስጥ የሆነ ነገር አይደለም።

እሑድ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ አናት ላይ ቆማ፣ ካቴድራሉ ጢም ብሎ ሞልቶ ሳለ የሆነ ነው። ያላመነ ይለፈው። ያን ያህል ሰው እያየ ስለሆነ አልከራከርም።

እኔ የካቴድራሉን ወለል የምወለውል ሰው ነኝ። ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል፤ ለዚህ ነው የምጽፈው።

እኛ በከተማው ውስጥ ጥቂቶች ነን። ቋንቋችን ሌላ፣ ሃይማኖታችንም ሌላ። ጦርነቱ ሲጀመር አንዱ ወገን «የእነዚያ ናችሁ» አለን፤ ሌላው «የእነዚህ ናችሁ» አለን። የቀረን ሀገረ ስብከቱ ብቻ ነበር። ትምህርት ቤቱም፣ ክሊኒኩም፣ የውሃ ጉድጓዱም የእሱ ነው።

ከተማውን የያዘው ጦር ሻለቃ ጳጳሳችንን በጠራራ ፀሐይ አስወሰዳቸው። በወንዙ መንገድ። አንድ እግራቸውን እየጎተቱ፣ ዱላቸውን ኳ... ኳ... እያደረጉ ሄዱ።

አልተመለሱም።

እኛ ዘንድ በየቅዳሴው መካከል የጳጳሱ ስም ይጠራል። ጳጳስ ከሞተ ስሙ መጠራቱ ይቀራል፤ መንበሩም ሌላ እስኪሾም ማንም አይቀመጥበትም። ስለዚህ ስማቸው እስከተጠራ ድረስ ባለቤት አለን። ከቀረ ግን ሰዉ ተስፋ ቆርጦ ጓዙን ይጠቀልላል፤ ሰፈሩም ለጠመንጃ ያዥ ይቀራል።

ሻለቃው ይህን ያውቅ ነበር። ዓርብ ዕለት መጥቶ ቀዳሹን አባ በር ላይ አቆማቸው።

«እሑድ የሰውየው ስም እንዳይጠራ። ከተጠራ በሩን ከውጭ ቆልፌ አነደዋለሁ።»

«ሞተዋል ነው የምትለው፣ ልጄ?»

«አዎ።»

«በምን አወቅህ?»

ሻለቃው ለመሄድ ዞረ።

«እንግዲያው አስከሬናቸውን አምጣና እንቅበር። ያን ጊዜ እንተወዋለን።»

ቅዳሜ ጠዋት መንበሩን ልወለውል ትራሱን ነካሁ።

ሞቋል።

መካከሉም ጎድጉዷል... ሰው አሁን ተነሥቶ እንደሄደ ሁሉ።

ወደ ክሊኒኩ ሮጬ ለሲስተር በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«ፀሐይ አግኝቶት ይሆናላ!»

«ሲስተር፣ በዚያ በኩል እኮ መስኮት የለም።»

ትንሽ አሰቡ።

«በል ሂድና ሥራህን ሥራ! የተቀመጠ ካለም እግሩን እንዲያነሣልህ ለምነው።»

እየሳቁ ነበር።

ተመልሼ ስገባ ወለሉ ላይ ጭቃ አየሁ። እርጥብ... የወንዝ ሽታ ያለው። አንድ ሙሉ ዱካ፣ አንድ የተጎተተ፣ ከጎኑ ክብ የዱላ ምልክት።

ዱካው ከበር አልጀመረም። ከካቴድራሉ መካከል ነው የጀመረው፤ ሰው ከወለሉ ውስጥ የወጣ ይመስል።

ወለወልኩት። ባልዲዬን ደፍቼ ስመለስ... እዚያው ነበር።

እሑድ ማንም አልቀረም። እናቴ እንኳ የታመመ ወገቧን ይዛ መጣች።

«እማዬ፣ ቤት ብትቆዪስ?»

«ተወኝ! የሚያነዱን ከሆነም ወገቤ ይሞቅልኛል።»

ወታደሮች በሮቹን ያዙ። ሻለቃው ኮፍያውን ሳያወልቅ፣ ቡትሱን እያንኳኳ ገባና በጳጳሱ መንበር ላይ ተቀመጠ። እግሩን አነባበረ።

«ቀጥሉ» አለ። «ወንበሩ ሰው አግኝቷል።»

አባ ስሙ የሚጠራበት ቦታ ደረሱ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ... ድምፅ ግን አልወጣም።



ኳ...

ሻለቃው እኛ ላይ አፈጠጠ። «ማነው?»

ኳ... ኳ...

ድምፁ የመጣው ከመንበሩ ኋላ ነው። ከመንበሩ ኋላ ደግሞ ግድግዳ ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ አንድ ሰው የጳጳሱን ስም ጮክ ብሎ ጠራ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ነው የራሴ ድምፅ መሆኑን ያወቅሁት።

እናቴ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። «ዝም በል፣ ልጄ... ዝም በል...» አለች። ወዲያው ግን እሷ ራሷ ከእኔ አብልጣ ጠራችው። ሲስተር ጠሩ። አባ ጠሩ። ጣራው እስኪናጋ ሁላችንም ጠራን።

«ለኩሱት!» ብሎ ሻለቃው ሊነሣ ሞከረ።

አልቻለም።

ትከሻው ወደ ታች ተጫነ... ትራሱ ከሥሩ ሰመጠ፤ ሁለት ሰው የተቀመጠበት ያህል። ሱሪው ራሰ። ከመንበሩ ጠርዝ ውሃ ይንጠባጠብ ጀመር።

የደፈረሰ ውሃ።

ወታደሮቹ ክብሪታቸውን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ።

ሻለቃው በስንት ትግል ተላቀቀ። ማንንም ሳያይ ወጣ። አንድ እግሩን እየጎተተ... በወንዙ መንገድ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ጦርነቱ አላበቃም። እኛም አልወጣንም። እሑድ በመጣ ቁጥር ስማቸውን እንጠራለን፤ የከፋው ይክፋው!

ዛሬ ጠዋት ግን ጭቃው ላይ አዲስ ነገር አየሁ። ከጳጳሱ ዱካ ኋላ የቡትስ ዱካ አለ... እስከ መንበሩ ድረስ። መንበሩ ፊት ሲደርስ ይቆማል። እዚያ ሁለት ክብ ምልክቶች አሉ።

የጉልበት።

መወልወያዬን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። የሲስተር ምክር ትዝ አለኝ።

«አባታችን... ልወልውል ነበር። እግርዎን ያንሡልኝ።»

ኳ።

ዐይኔ እያየ፣ ሁለቱ የጉልበት ምልክቶች ቀስ ብለው ተንሸራተቱና መንገድ ለቀቁልኝ።